በሁለት ቢላዎች መካከል

የፕላስቲክ መፍጫ ማሽን በምን ዓይነት እጅ እንደተያዘ ለማወቅ ማሽኑን መክፈት አያስፈልግም። ከሥሩ ከታሰረው ማዳበሪያ አንድ እፍኝ ዘግኖ መዳፍ ላይ መበተን ይበቃል። ደህና ባለሙያ ከያዘው ማሽን የወጣ ቅንጣቢ ጠርዙ ጥርት ብሎ የተቆረጠ ነው። መጠኑ እርስ በርሱ ይቀራረባል፤ መልሰው ሲያፈሱት እጅ ላይ ዱቄት አይቀርም። ቢላው ደንዝዞ ወይም በቢላዎቹ መካከል ያለው ክፍተት ሰፍቶ ከሆነ ግን ቅንጣቢው ጭራ ያወጣል፤ ጠርዙ ተጎትቶ ይነጣል፤ ብናኙ ይበዛል፤ ማዳበሪያውም ሲነኩት ይሞቃል። መቁረጥ ያቃተው ቢላ ማሸት ይጀምራል፤ የሞተሩም ጉልበት ቆጣሪ እያስቆጠረ በሙቀትና በዱቄት ያልቃል።

ይህን ሙያ የማደንቀው ለዚህ ነው። የሥራው ጥራትና የሠራተኛው ደኅንነት አንድ ቦታ ላይ ይገናኛሉ፤ የሚገናኙትም ሦስት ወረቀት ቢነባበር በሚሞላው ክፍተት ውስጥ ነው። ያንን ክፍተት በትክክል የሚያስተካክል ሰው ማሽኑን ዘግቶ፣ ቆልፎ፣ ጠርጎ፣ ለክቶ የሚሠራ ሰው ነው። ችኩል እጅ ክፍተቱንም አያገኘውም፣ ጣቱንም ለአደጋ ያጋልጣል።

ነገሩ ከነገሌ ቦረና ጀምሮ ወደ ታች ላለው ቆላ የቅርብ ጉዳይ ነው። ከነገሌ ወደ ፊልቱና ዶሎ አዶ፣ ከያቤሎ ወደ ሜጋና ሞያሌ በሚወስዱት መንገዶች ላይ ባሉ ከተሞች ቢጫ ጄሪካን የሌለበት ቤት ማግኘት ያስቸግራል። የምግብ ዘይት ይዞ ይመጣል፤ ዘይቱ ሲያልቅ ውሃ ይቀዳበታል፤ የግመል ወተት ተሞልቶበት ገበያ ይወጣል። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ሲከሽፉ፣ ውሃ በቦቴ በሚታደልበት ሁሉ ከሰው በፊት ተሰልፎ የሚጠብቀው እሱ ነበር። ሲሰነጠቅ በጋለ ብረት ይጠገናል፤ አልጠገን ሲል ተቆርጦ የእንስሳት ማጠጫ ይሆናል። ከዚያ በኋላ ነው ለቁራሌው የሚሸጠው።

ይህ አካባቢ በዕቃ ሥራ የሚታማ አይደለም። የቦረና ሴቶች ከዕፅዋት ክር የሚሠሩት ጎርፋ ወተት ሳያፈስ የሚይዝ ነው፤ ኢቲቱ የሚባለው የረጋ ወተት የሚዘጋጀው በጎርፋ ውስጥ ነው። ፈሳሽ የማያሳልፍ ሽመና በእጅ መሥራት የክፍተት ሙያ ነው፤ እያንዳንዱ ዙር ከበፊቱ ጋር ምን ያህል እንደተጠጋ ጣት እየዳሰሰ ይሄዳል። ጄሪካን ለብዙ ሥራ የጎርፋንና የቆዳ ዕቃን ቦታ ወሰደ፤ የራሱን ፍጻሜ የሚያስተካክልለት ሙያ ግን አብሮት አልመጣም።

ከቆላው የሚሰበሰብ ፕላስቲክ ፋብሪካ የሚያገኘው ላይ፣ አዲስ አበባ ነው። መርካቶ ምናለሽ ተራ የዚህ ንግድ የቆየ አድራሻ ነው። ኮባ ኢምፓክት የተባለው ድርጅት የውሃና የለስላሳ ጠርሙስ ፈጭቶ ወደ ውጭ ይልካል፤ ኩቢክ ደግሞ ከፕላስቲክ ቆሻሻ የግንባታ ዕቃ ያመርታል። ችግሩ መንገዱ ነው። ነገሌ ከአዲስ አበባ ወደ 600 ኪሎ ሜትር ትርቃለች። ባለ 20 ሊትር ጄሪካን አንድ ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ አንድ ሜትር ኩብ ቦታ ላይ ያለ ምንም ክፍተት ቢደረደር እንኳ ከ50 በላይ አይገባም። እንግዲህ መኪናው በእያንዳንዱ ሜትር ኩብ 50 ኪሎ ፕላስቲክና ብዙ አየር ይዞ ይወጣል ማለት ነው። ያው ጄሪካን ቢፈጭ በዚያው ቦታ ላይ ከ300 ኪሎ በላይ ይጫናል። መፍጫው ነገሌ ላይ ቢቆም የነዳጁ ሒሳብ ስድስት እጥፍ ይለወጣል። እናም ማሽኑ መቆም ያለበት ጄሪካኑ ባለበት ነው እላለሁ፤ ከዚህ በታች የምለው ሁሉ እዚያ እንዴት ቢቆም ያምርበታል የሚለውን ነው።

የማሽኑ አሠራር ለማንም ግልጽ ነው። በአንድ ዘንግ ላይ የታሰሩ ቢላዎች ይሽከረከራሉ፤ በግድግዳው ላይ የቆሙ ሌሎች ቢላዎች ይጠብቋቸዋል፤ ፕላስቲኩ በሁለቱ መካከል እንደ መቀስ ይቆረጣል። ከሥር ወንፊት አለ። ቀዳዳው ብዙ ጊዜ ከ8 እስከ 12 ሚሊ ሜትር ነው፤ በዚያ ማለፍ የቻለ ይወድቃል፣ ያልቻለ ተመልሶ ይቆረጣል። በከተማው የእህል ወፍጮ የሚያሠራ መካኒክ ሞተሩን፣ ቺንጋውን፣ ፑሌጂያውንና ኩሺኔታውን ከዚያው ያውቃቸዋል። አዲስ የሚሆንበት ቢላው ነው።

ተከላው ከወለሉ ይጀምራል። ኮንክሪቱ በውሃ ልክ ተለክቶ ቀጥ ማለት አለበት፤ በማሽኑ እግርና በወለሉ መካከል ንዝረት የሚውጥ ወፍራም ጎማ ይገባል። ጥሩ ተካይ ቦታ ሲመርጥ ማሽኑን ብቻ አይለካም። ክዳኑ ወደ ኋላ ሲገለበጥ፣ ወንፊቱ ሲሳብ፣ ሰው ቢላ ይዞ ጎንበስ ሲል የሚፈልገውን ስፍራም ይለካል። ግድግዳ ላይ ተለጥፎ የቆመ መፍጫ ቢላው የሚለወጥለት በግድ፣ በጠባብ፣ በአንድ እጅ ነው።

ቺንጋውን ሲያስተካክሉ ማየት ደግሞ ለብቻው ደስ ይላል። ክር ይወጠራል፤ የሁለቱን ፑሌጂያዎች ገጽ በአራት ነጥብ፣ በእያንዳንዳቸው ዳርና ዳር፣ እኩል መንካት አለበት። በአንዱ ነጥብ ላይ ቀጭን ብርሃን ከታየ ሞተሩ በሐዲዱ ላይ በትንሹ ይገፋል፤ እንደገና ይታያል። በርካታ ቺንጋ ጎን ለጎን ባለበት ማሽን አንዱ ሲበጠስ አንዱን ብቻ መለወጥ የቁጠባ ይመስላል። አዲሱ አጠር ያለ ስለሆነ ጭነቱን ብቻውን ተሸክሞ ቶሎ ያልቃል፤ ደንበኛው ሠራተኛ ሁሉንም አንድ ላይ ይለውጣል።

ሞተሩ አገሩን ማወቅ አለበት። አይኢሲ 60034-1 የተባለው ዓለም አቀፍ ደረጃ በሞተር ላይ የተጻፈው ኃይል የሚያገለግለው እስከ 1000 ሜትር ከፍታና እስከ 40 ዲግሪ ሙቀት መሆኑን ይደነግጋል። ነገሌ 1475 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አየሩ ስለሚሳሳ ሞተሩን የማቀዝቀዝ አቅሙ ይቀንሳል። ዶሎ አዶ ከ200 ሜትር በታች ናት፤ እዚያ የሚያስቸግረው ራሱ ሙቀቱ ነው። በሁለቱም ቦታ ሞተሩ ከሚፈለገው ጥቂት ከፍ ብሎ ቢመረጥና ከጥላ ሥር አየር በሚነፍስበት ቢቆም ዕድሜው ይረዝማል። የመሬት ሽቦውም እንዲሁ ነው፤ ደረቅ አፈር ኤሌክትሪክን በደንብ አይቀበልም፣ ስለዚህ ዘንጉ እርጥበት እስኪያገኝ ድረስ ጠልቆ መግባት አለበት። ወለል ላይ ጥቂት የተቀበረ ዘንግ ለዓይን ብቻ ነው።

አንድ ነገር ላይ ግን ጥቂት ልቆይ፦ የመዞሪያው አቅጣጫ። የስሪ ፌዝ ሞተር ከሦስቱ መስመሮች ሁለቱ ቦታ ከተለዋወጡ ወደ ኋላ ይዞራል። በሰፈሩ ትራንስፎርመር ወይም መስመር ተጠግኖ መብራት ሲመለስ ይህ ሊያጋጥም ይችላል። ወደ ኋላ የዞረ መፍጫ በቢላው ጀርባ ይደበድባል እንጂ አይቆርጥም፤ ብሎኖቹ ባልተሠሩበት አቅጣጫ ይመታሉ። ለዚህ ነው የማሽኑ አካል ላይ ቀስት የሚቀባው። ጠንቃቃ ተካይ ሞተሩን መጀመሪያ የሚሞክረው ቺንጋው ወልቆ፣ ብቻውን ነው፤ ለቅጽበት ነካ አድርጎ ማራገቢያው ወዴት እንደሄደ ያያል። ከቀስቱ ጋር ከተስማማ በኋላ ብቻ ቺንጋውን ይጭናል። ከእያንዳንዱ የመስመር ጥገና በኋላም ይህንኑ ይደግማል። ማንም ባያየው የሚሠራው ሥራ ስለሆነ ልዩ ክብር ይገባዋል።

የመጉረሻው አፍ ርዝመት በዘፈቀደ የመጣ አይደለም። ኢኤን 12012-1 የሚባለው የአውሮፓ ደረጃ ለባለ ቢላ መፍጫና ለመቆራረጫ (ሽሬደር) ማሽኖች የተጻፈ ነው። እጅ እስከ ምን ድረስ እንደሚደርስ የሚለካው ሌላው ደረጃ፣ አይኤስኦ 13857፣ ከ40 እስከ 120 ሚሊ ሜትር ለሆነ ቀዳዳ አደገኛው ክፍል ቢያንስ 850 ሚሊ ሜትር ርቆ እንዲቀመጥ ይላል። ያ የሰው ክንድ እስከ ብብት ነው። እንግዲህ ሙሉ ጄሪካን አልገባ ስላለ አፉን ቆርጦ አሳጥሮ መበየድ ክንድን ወደ ቢላ ማቅረብ ማለት ነው። ጄሪካኑን አስቀድሞ በመጋዝ ለሁለት መክፈል ጥቂት ደቂቃ ይወስዳል፤ አሸዋውንና በውስጡ የቀረውን ጠጠርም የዚያኔ ያሳያል። በአፉ ላይ የተንጠለጠለው የጎማ መጋረጃም ቦታው ላይ ይቆይ፤ ተመልሶ የሚፈናጠር ስባሪ ዓይን ሲያጠፋ ጊዜ አይወስድም።

ማሽኑ ያለበት ግቢ ስገባ በዓይኔ የምፈልገው ቁራጭ ሽቦ ነው። ክዳኑ ሲከፈት ኤሌክትሪኩን የሚቆርጥ ማብሪያ አለ፤ ሰዎች ሥራ ለማፍጠን በሽቦ ያስሩታል። ያ ሽቦ ከታየ ሌላውን ሁሉ ሳላይ ስለ ቤቱ የማውቀውን አውቄያለሁ። ማብሪያው ንጹሕና የሚሠራ ሆኖ ሲገኝ ደግሞ ስለ ባለሙያው ልብ ብዙ ይነግረኛል።

ማስነሳትና ማጥፋት የራሳቸው ሥርዓት አላቸው። ማሽኑ ባዶውን ይነሳል፤ ሙሉ ፍጥነቱን እስኪይዝ ድረስ ምንም አይጎርስም። ከባዱ ተሽከርካሪ ያጠራቀመው ጉልበት ነው ወፍራሙን የጄሪካን እጀታ የሚቆርጠው። ጥሩ አጉራሽ ጆሮውን ማሽኑ ላይ ያደርጋል፤ ድምፁ ወፈር ሲል እጁን ይሰበስባል፣ ሲቀጥን ይጨምራል። እዚህ ላይ የጆሮ መከላከያ አድርጎ ይህን እንዴት ይሰማል የሚል ይኖራል። ይሰማል፤ የሚቀነሰው ጆሮ የሚያደነቁረው ኃይለኛ ጩኸት ነው፣ የሞተሩ መክበድ በእግርም በእጅም ይታወቃል። ለስምንት ሰዓት የሥራ ቀን 85 ዲሲቤል በብዙ አገር የጥንቃቄ ወሰን ነው፤ መፍጫ ማሽን ያንን በቀላሉ ያልፈዋል። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረትም መከላከያውን ማቅረብና ሠራተኛውን ማሠልጠን የአሠሪው ግዴታ ነው።

ሲቆም ደግሞ መጀመሪያ መጉረስ ይቆማል፤ በሆዱ ያለው ተቆርጦ እስኪወጣ ይጠበቃል፤ ከዚያ ይጠፋል። ሞተሩ ከጠፋም በኋላ ተሽከርካሪው በራሱ ጉልበት ይዞራል። ያ ጊዜ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነው፤ ድምፁ ይቀንሳልና የቆመ ይመስላል።

መብራት ድንገት ሲሄድ ግን ይህ ሥርዓት ይፈርሳል። ማሽኑ ሆዱ እንደሞላ ይቆማል፤ ፕላስቲኩ በቢላዎቹ መካከል ተወጥሮ ይቀራል። አሁን በእጅ መውጣት አለበት። የብልህ ኦፕሬተር የመጀመሪያ እንቅስቃሴ ወደ ክዳኑ አይደለም። ማጥፊያውን ይጫናል፣ ብሬከሩን ያወርዳል፣ ይቆልፋል፤ ከዚያ ብቻ ወደ ማሽኑ ይመለሳል። ማስነሻው በትክክል የተሠራ ከሆነ መብራት ሲመለስ ሰው ካልጫነው አይነሳም፤ በኮንታክተር ፋንታ በተራ ማብሪያ የተገናኘ ማሽን ግን መብራቱ እንደመጣ በራሱ ይነሳል። መብራት በሚመላለስበት ከተማ ይህ ልዩነት ጣት ያለው ሰውና ጣት የሌለው ሰው ማለት ነው።

የሙያው ከፍታ ቢላ መለወጥ ላይ ነው። ባለሙያው ብሬከሩን አውርዶ የራሱን ቁልፍ ያንጠለጥላል፤ መክፈቻው ኪሱ ውስጥ ይገባል። ከዚያ ማስነሻውን ይጫናል፣ አለመነሳቱን በዓይኑ ለማየት። በቦረና የቱላ ጉድጓዶች የማጠጫውን ተራ የሚይዝ አባ ሄሬጋ አለ፤ ከብት የሚጠጣው እሱ በያዘው ተራ ነው። የመክፈቻው ሥልጣንም እንዲሁ የአንድ ሰው ብቻ ነው፤ የቆለፈው ሰው ይከፍታል፣ ሌላ ማንም አይከፍትም፣ አሠሪውም ቢሆን።

ክዳኑ ተከፍቶ ወንፊቱ ሲወርድ ቀጥሎ የሚገባው እንጨት ነው። ተሽከርካሪው በጠንካራ እንጨት ይታገዳል። ምክንያቱን ያላወቀ ይገረማል፤ መብራት የለም፣ ምን ያዞረዋል? አንዱ ቢላ ሲወልቅ ሚዛኑ ይዛባል፤ ከባዱ ጎን በገዛ ክብደቱ ወደ ታች ይዞራል፤ ጣት በቆመው ቢላ በኩል ካለ ያገኘዋል። ኤሌክትሪክ በሌለበት የሚደርስ ጉዳት ይህ ነው። መቆረጥ የሚከላከል ጓንትም የሚደረገው ቢላ ሲያዝ ነው፤ የደነዘዘ ተብሎ የተፈታው ቢላ ሥጋ ለመቁረጥ ገና ስል ነው።

ከዚያ መቀመጫው ይጸዳል። የቢላው መቀመጫ ላይ ከፀጉር የቀጠነ የፕላስቲክ ሽፋን ቢቀር ቢላው ያዘነብላል፤ ብሎኑ ሲጠብቅ ብረቱ ይጎብጣል፣ ከወር በኋላም ሊሰነጠቅ ይችላል። ስለዚህ ጥሩ እጅ መቀመጫውን በጨርቅ ይጠርጋል፣ በጣት ይዳስሳል፣ እንደገና ይጠርጋል። ብሎኑ ከመሃል ወደ ዳር በየተራ ይጠብቃል፤ የሚጠብቀውም በጉልበት ግምት ሳይሆን ጥብቀቱን በቁጥር በሚያሳይ መፍቻ፣ አምራቹ በጻፈው ልክ ነው። አንዴ በሙሉ ኃይል የተጎተተ ብሎን ስለሚላላ አዲስ ይገባል። የብሎን ዋጋና የተፈናጠረ ቢላ ዋጋ አይወዳደሩም።

ክፍተቱ የሚለካው አሁን ነው። ለጄሪካን ዓይነት ወፍራም ፕላስቲክ 0.3 ሚሊ ሜትር አካባቢ የተለመደ ነው፤ ለስስ ነገር ይጠባል። ስስ የብረት ቅጠል በሁለቱ ቢላዎች መካከል ይገባል፤ ሲሳብ ጥቂት መያዝ አለበት፣ መንሸራተትም አለበት። በግራ ዳር ይለካል፣ በቀኝ ዳር ይለካል። ከዚያ ተሽከርካሪው በፑሌጂያው ተይዞ በዝግታ ይዞራል፤ በቢላው ተይዞ መዞር ፈጽሞ የለበትም። ሁለተኛው ቢላ ይለካል፤ ሦስተኛው ይለካል። ሁሉም እኩል የሚሆኑት ቢላዎቹ አብረው፣ በእኩል መጠን የተሳሉ ከሆነ ነው። ከመካከላቸው ወደ ግድግዳው በጣም የሚቀርበው ነው ለክፍተቱ ወሳኙ።

በዚህ ሁሉ መካከል መሣሪያዎቹ የት እንዳሉ ተመልከቱ። ደንበኛ ባለሙያ መሬት ላይ ጨርቅ ያነጥፋል፤ መፍቻው፣ ብሎኑ፣ ሮንዴላው በተፈታበት ቅደም ተከተል ይደረደራል። ሥራው ሲያልቅ ጨርቁ ባዶ መሆን አለበት፤ ያልተገኘ ዕቃ ካለ ማሽኑ አይነሳም። አንድ የተረሳ መፍቻ የአዲስ ቢላ ስብስብ በአንድ ዙር ይጨርሳል። ከዚያ እንጨቱ ወጥቶ ተሽከርካሪው ሙሉ ዙር በእጅ ይዞራል፤ የሚነካካ ድምፅ ከሌለ ክዳኑ ይዘጋል።

ቆላው ለቢላ የማይመች አገር ነው። ቀይ አፈሩና አሸዋው በጄሪካኑ ታች ላይ ይጋገራል፤ አሸዋ የቢላን ስለት ከፕላስቲኩ ይልቅ ፈጥኖ ይበላል። ውሃ በሚወደድበት ቦታ ሁሉን አጥቦ መፍጨት አይቻልም። በደረቅ ብሩሽ መቦረሽና የተከፈለውን ጄሪካን ገልብጦ ማራገፍ ግን ውሃ አይፈጅም። ማግኔት ሚስማርና ሽቦ ይይዛል፤ ድንጋይና አሉሚኒየም አይይዝም፤ ያንን የሚይዘው የለቃሚዋ ዓይን ብቻ ነው። የመዥገር መድኃኒት የነበረበትን ዕቃም ለይታ የምታስወጣው እሷ ናት፤ እሱ ከሌላው ጋር መፈጨት የለበትም። የውሃ ሃይላንዱን ከጄሪካኑ የምትለየውም በባልዲ ውሃ ነው፦ የጄሪካን ቅንጣቢ ይንሳፈፋል፣ የሃይላንድ ይሰምጣል። ፌስታል ግን በዚህ ማሽን ባይገባ ይሻላል፤ በዘንጉ ላይ ተጠቅልሎ ኩሺኔታውን ያንቃል። ውፍረቱ ከ0.03 ሚሊ ሜትር ያልበለጠውን ፌስታል በ1999 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 513 ከልክሎት ነበር፤ በ2017 ዓ.ም. የጸደቀው አዋጅ ደግሞ ክልከላውን አስፍቶታል። በከብት ሆድ ውስጥ ፌስታል ያገኘ አርብቶ አደር የአዋጁን ምክንያት ማንም ሊያስረዳው አያስፈልገውም።

ስለቱስ? ብዙ ጊዜ ቢላው በእጅ ግራይንደር ሲሳል ይታያል፤ እኔ ይህን ማየት አልወድም። ጠርዙ ሲግል ሰማያዊ ይሆናል፤ ሰማያዊ የሆነው ብረት ጥንካሬው ወጥቶለታል፣ ለአንድ ቀን ይስላል፣ በሁለተኛው ይታጠፋል። መስመሩም ስለሚወዛወዝ 0.3 የሚባለው ክፍተት በአንድ ዳር 0.3፣ በሌላው 0.8 ይሆናል። ቢላው ውሃ እየፈሰሰበት በጠፍጣፋ መሳያ ማሽን፣ ሙሉው ስብስብ በአንድ ላይ፣ እኩል እየተላጨ ነው መሳል ያለበት። ከተሳለ በኋላ ተቃራኒ ሆነው የሚታሰሩት ቢላዎች በሚዛን ይመዘናሉ፤ ካልተካከሉ ተሽከርካሪው ይንቀጠቀጣል፣ ኩሺኔታውም ግራሶ ቢጠጣ አይድንም።

እንዲህ ያለ መሳያ በየቆላው ከተማ ስለማይገኝ ማሽኑ ከመጀመሪያው ሁለት ስብስብ ቢላ ይዞ መምጣት አለበት። አንዱ ሲሠራ ሌላው በእንጨት ሣጥን፣ ስለቱ በጎማ ተሸፍኖ፣ ወደ ላይ ይላካል። በሣጥኑ ክዳን ላይ የእያንዳንዱ ቢላ ስፋት ከእያንዳንዱ መሳል በኋላ በሚሊ ሜትር ይጻፋል። ስፋቱ አምራቹ ከወሰነው በታች ሲወርድ፣ ወደ ፊት ተገፍቶ የቆመውን ቢላ መድረስ ሲያቅተው፣ ቢላው ቢስልም ለዚህ ማሽን አያገለግልም፤ ቁጥሩ በመስመር ተሰርዞ ለብረት ገዢ ይሸጣል።